መሠዊያው ፈረሰ፥ ተረቱ ኖረ

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው የኤፌሶንን አርጤምስ በስም ያውቃታል። በ19ኛው ምዕራፍ እንደምናገኘው፥ ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የአርጤምስን መቅደስ ምስል እየሠራ ብዙ ትርፍ ያገኝ ነበርና፥ የጳውሎስ ስብከት ንግዱን የሚያጠፋበት መሆኑን ባየ ጊዜ የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ ከተማይቱን በሁከት መላት። በ14ኛውም ምዕራፍ የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ድያ፥ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው መሥዋዕት ሊያቀርቡላቸው ተነሥተው ነበር። ድያ የተባለው ግሪኮች የአማልክት ሁሉ አለቃ የሚያደርጉት ዜውስ ሲሆን፥ ሄርሜን ደግሞ የእርሱ መልእክተኛና አፈ ቀላጤ ነው።

ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ሆኖ ይቈጠር ከነበረው ከአርጤምስ መቅደስ ዛሬ በቱርክ አገር ተገጣጥሞ ቆሞ የሚታየው አንድ ዓምድ ብቻ ነው። የሚሠዋላት ሰው የለም፤ ካህንም የላትም። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 2022 አሜሪካኖች ሰው የሌለበትን መንኮራኩር ጨረቃን ዞሮ እንዲመለስ በላኩት ጊዜ ለጉዞው የሰጡት ስም አርጤምስ የሚል ነበር። ስሙም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በ1969 ሰዎችን በጨረቃ ላይ ያወረደው ጉዞ አፖሎ ይባል ነበርና፥ በግሪኮች ተረት አርጤምስ የአፖሎ መንታ እኅት ስለሆነች፥ ከጨረቃም ጋር አብራ ስለምትነሣ ነው።

እንግዲህ መሠዊያው ፈርሶ ሳለ ስሙ እንዴት ሊኖር ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ተረቱ አመጣጥ ጥቂት እንበል። የግሪኮች እምነት እንደ ኦሪት፥ እንደ ወንጌል ወይም እንደ ቁርዓን ያለ አንድ የጸና ቅዱስ መጽሐፍ አልነበረውም። እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ መሠዊያ ይሠዋ ነበር፤ የአማልክቱን ትውልድና ሥራ ለሕዝብ የሚናገሩት ግን ከካህናት ይልቅ ባለቅኔዎች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የሆሜር ናቸው የሚባሉት ኢልያድና ኦዲሲ፥ እንዲሁም ሄስዮድ የአማልክትን ትውልድ የቈጠረበት መጽሐፍ ለግሪኮች ሁሉ የጋራ ትምህርት ሆኑ።

ካህን የደነገገውን መለወጥ ድፍረት ነው፤ ባለቅኔ የተናገረውን ግን ሌላ ባለቅኔ አሻሽሎ ሊናገረው ይችላል። ስለ ፕሮሜቴውስ የተነገረውን እንመልከት። ፕሮሜቴውስ ከአማልክት ዘንድ እሳት ሰርቆ ለሰው ልጅ የሰጠ ነው። ሄስዮድ እርሱን በተንኰሉ በሰው ላይ መከራ ያመጣ አታላይ አድርጎ ጻፈው። በኤስኪለስ ስም በሚታወቀው ድራማ ግን ያው ፕሮሜቴውስ ለሰው ሲል በዓለት ላይ ታስሮ የሚሠቃይ፥ ለጨካኙ ዜውስም አልገዛም የሚል ታጋሽ ሆነ። ተረቱ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ።

ግሪኮች ራሳቸውም ቢሆኑ የባለቅኔዎቻቸውን ነገር ሁሉ በጭፍን አልተቀበሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ክሴኖፋኔስ፥ ሆሜርና ሄስዮድ ስርቆትንና ዝሙትን በአማልክት ላይ መለጠፋቸውን ነቅፏል። ሕዝቦችም አማልክቶቻቸውን በየራሳቸው መልክ እንደሚሥሉ ሲያስረዳ ኢትዮጵያውያንንና ትራክያውያንን ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል። ፕላቶን ደግሞ መልካም መንግሥት እንዴት እንደሚቆም በጻፈበት መጽሐፉ ስለ አማልክት ክፉ የሚናገሩ ባለቅኔዎች ወጣቶችን ያበላሻሉ ብሎ ከከተማው ሊያርቃቸው አስቦ ነበር።

የኢትዮጵያውያን ስም በእነዚህ ተረቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በሆሜር ዘንድ ዜውስና ፖሴይዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄዳሉ፤ የትሮይን ሰዎች ሊረዳ የመጣው ሜምኖንም የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው ተብሏል። ነገር ግን በዚህ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባናል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው በአብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁሮች አገር በጠቅላላው ነበርና፥ ስሙ በተገኘበት ሁሉ የዛሬዪቱ አገራችን ናት ብሎ መደምደም የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም።

ሮማውያን ግሪክን በጦር ባሸነፉ ጊዜ በትምህርት ተሸነፉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት ከግሪክ ወገን የሆነው ሊቪየስ አንድሮኒከስ በላቲን ቋንቋ ቴአትር በሮም አሳየ፤ ኦዲሲንም ወደ ላቲን መለሰው። ዜውስ ጁፒተር፥ አፍሮዲት ቬኑስ፥ አሬስ ማርስ፥ ፖሴይዶን ኔፕቱን ተባሉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ8 ዓመት ገደማ ኦቪድ የተባለው ባለቅኔ ወደ 250 የሚሆኑ ተረቶችን በ15 ክፍል አያይዞ ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ ወደ ጥቁር ባሕር ዳር አግዞት በስደት ሞተ፤ መጽሐፉ ግን ለኋለኛው አውሮፓ የተረት ሁሉ ግምጃ ቤት ሆነ።

የአንዱን ሕዝብ አምላክ በሌላው ስም የመጥራት ልማድ በሮማ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በአክሱም በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና፥ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ በግዕዙ የማሕረም ልጅ እንደ ሆነ ሲናገር በጽርዑ ደግሞ የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል። ስማቸው ካልታወቀ የአክሱም ንጉሥ የቀረና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በአዱሊስ ገልብጦ ያቈየው ጽሑፍም ለዜውስ፥ ለአሬስና ለፖሴይዶን የቀረበውን መሥዋዕት ይጠቅሳል። አክሱማውያን የግሪክን አማልክት አመለኩ ማለት አይደለም፤ የራሳቸውን አምላክ ግሪክኛ ለሚያነበው ነጋዴና መልእክተኛ በሚገባው ስም ጠሩት እንጂ።

ከዚህ በኋላ የመሠዊያዎቹ ዘመን አለቀ። በ391ና በ392 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ለጣዖት መሠዋትን በሕግ ከለከለ። አማልክቱ በሕዝብ ሲጠሉ ተረታቸውም አብሮ ሊጠፋ በተገባው ነበር። እንዳይጠፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ወገን መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው። በአገራችን በቅዳሴው ስሙ የሚታወቀው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ወጣቶች የግሪኮችን መጻሕፍት እንዴት ሊያነቡ እንደሚገባቸው አንድ ጽሑፍ ትቶልናል። ምክሩም በአጭሩ ንብ በሁሉም አበባ ላይ እንደማታርፍ፥ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ቀስማ እንደምትሄድ፥ ተማሪም እንዲሁ ያድርግ የሚል ነው። ይህን በመሰለ መንፈስ የክርስቲያን መነኰሳት የኦቪድንና የቪርጂልን መጻሕፍት በየገዳማቸው ሲገለብጡ ኖሩ። አንድ መጽሐፍ በገልባጭ እጅ ብቻ በሚኖርበት ዘመን፥ ያ መነኵሴ ብራናውን አልገለብጥም ቢል ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ነገር አይኖረንም ነበር።

በ14ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያው ደራሲ ቦካቾ የአማልክቱን የትውልድ ሐረግ በላቲን ሰብስቦ ጻፈ። በ1480ዎቹ ቦቲቸሊ የቬኑስን ከባሕር መወለድ በፍሎሬንስ ሣለ። በ1607 ሞንቴቬርዲ በማንቱዋ ከተማ፥ የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን አገር የወረደውን የኦርፌዎስን ተረት በዜማ ድራማ አቀረበ፤ ይህም ኦፔራ ከሚባለው ጥበብ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

የሳይንስ ሰዎችም ቢሆኑ ለአዲስ ነገር ስም በፈለጉ ጊዜ ወደዚሁ ግምጃ ቤት ተመለሱ። በ1781 ኸርሼል አዲስ ፕላኔት ባገኘ ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ በጊዮርጊስ 3ኛ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ የጸናው ግን ኡራኑስ የሚለው ስም ነው። በ1802 ስዊድናዊው ኤኬበርግ አዲስ ማዕድን አገኘ፤ የማዕድኑ ኦክሳይድ በአሲድ ውስጥ ቢዘፈቅ አሲዱን አልቀበል ስላለው ታንታለም አለው። ታንታሎስ በበደሉ ምክንያት እስከ አገጩ በውኃ ውስጥ ቆሞ ሊጠጣ ባጐነበሰ ቍጥር ውኃው የሚሸሸው የተረት ንጉሥ ነውና። በ1844 ጀርመናዊው ሮዘ ከታንታለም ጋር ተደባልቆ የኖረ ሌላ ማዕድን ለይቶ ባወጣ ጊዜ በታንታሎስ ልጅ በኒዮቤ ስም ኒዮቢየም ብሎ ሰየመው። ያ ታንታለም ዛሬ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ በሚገኙ ጥቃቅን ዕቃዎች ይሠራበታል፤ በአገራችንም በጉጂ ምድር፥ በቀንጢቻ ይገኛል። የኬሚስትሪ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ቢነግራቸው ስሙን በቃል ከማጥናት ነፃ ያወጣቸው ይመስለናል።

ነገር ግን ስም ብቻውን ሕይወት አይደለም። ተረቱ በእውነት የሚኖረው ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ነው፤ ለዚህም ከአንቲጎኔ ታሪክ የሚበልጥ ምስክር አናገኝም።

ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ በአቴና እንዳሳየው፥ በግሪኳ ቴቤስ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ዙፋን ተዋግተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን በነገሠ ጊዜ ለከተማይቱ የተዋጋው በክብር እንዲቀበር፥ የውጭ ጦር አምጥቶ የወጋት ግን ለአሞራና ለውሻ እንዲጣል፥ የቀበረውም በሞት እንዲቀጣ አዋጅ አስነገረ። እኅታቸው አንቲጎኔ ግን በሁለተኛው ወንድሟ ሬሳ ላይ አፈር አለበሰች። ተይዛ በቀረበች ጊዜም አልካደችም፤ ከንጉሥ አዋጅ በላይ ያልተጻፈ የማይሻር ሕግ አለ አለች እንጂ። ክሬዎንም ከነሕይወቷ በዋሻ ውስጥ አዘጋባት።

ሶፎክልስ ክሬዎንን ሞኝ ወይም አውሬ አላደረገውም። ከጦርነት የወጣችን ከተማ ሥርዓት ለማስያዝ የሚደክም ገዥ ነው፤ ሕግ ለዘመድ አይታጠፍም ማለቱም በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም። ጥፋቱ አለመስማቱ ነው። ልጁ ሄሞን ሕዝቡ በፊቱ ዝም ቢልም በስውር ለልጅቷ እንደሚያዝን ነገረው፤ አልሰማም። ዕውሩ ነቢይ ቲሬስያስ አስጠነቀቀው፤ ጉቦ በልተሃል አለው። በመጨረሻ ልቡ ተመልሶ ወደ ዋሻው ቢሮጥ አንቲጎኔ ታንቃ ሞታለች፤ እጮኛዋ የነበረው ሄሞን በሬሳዋ ላይ ራሱን ገደለ፤ የክሬዎንም ሚስት ይህን ሰምታ በገዛ እጅዋ ሞተች።

በየካቲት 1944 ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች ዣን አኑይ ይህንኑ ታሪክ በአዲስ ቋንቋ ጽፎ አሳየ። የጀርመን ሳንሱር አሳለፈው። ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ በአንቲጎኔ እምቢታ ውስጥ የአርበኞችን ልብ አዩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ደራሲው ለክሬዎን የሰጠው ክርክር እጅግ በርትቷል ብለው ተቈጡ። በደቡብ አፍሪካ በሮበን ደሴት ወኅኒ የታሰሩ የፖለቲካ እስረኞችም አንቲጎኔን ተጫወቱ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት እርሳቸው የያዙት የክሬዎንን ቦታ ነበር። በሕግ ስም የታሰሩት እኒህ ሰው በወኅኒ ውስጥ የገዥውን ስሕተት በአፋቸው ካጠኑ በኋላ፥ መጽሐፋቸው በታተመበት በዚያው ዓመት የአገራቸው ፕሬዚደንት ሆኑ። በ1973ም አቶል ፉጋርድ፥ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና «ደሴቱ» የተባለውን ድራማ በኬፕታውን ሲያሳዩ፥ ነገሩን ያቆሙት አንቲጎኔን ለመጫወት በሚለማመዱ ሁለት እስረኞች ላይ ነው። ቀደም ሲል በ1968 ናይጄሪያዊው ኦላ ሮቲሚ የኦዲፐስን ታሪክ በዮሩባ ነገሥታት ዘንድ እንደ ሆነ አድርጎ በመድረክ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ለእነዚህ ተረቶች ዕድሜ የሰጣቸው የአማልክቱ ኃይል አለመሆኑን ነው። ዜውስ የራሱን መቅደስ ማዳን አልቻለም። ተረቱን ያዳነው በመጀመሪያ የጻፈው፥ ቀጥሎም ባያምንበትም እንኳ የገለበጠው፥ በመጨረሻም የራሱን ዘመን ችግር ይዞ ወደ እርሱ የሄደ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሰንሰለቱ በተበጠሰ ነበር።

ይህም ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ። በየአገሩ ሽማግሌዎች አፍ ላይ ያሉት ተረቶቻችን ከግሪኮቹ በጥበብ የሚያንሱ አይደሉም፤ ከእነርሱም ውስጥ ስለ ዳኝነት፥ ስለ ሹመትና ስለ ቂም የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ገና ያልተጻፈው ግን ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ተማሪ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ሲሄድ አንድ ደብተር ይያዝ፤ መምህርም የተጻፈውን ተቀብሎ በክፍል ያስነብብ፤ ባለሥልጣንም ደብተሮቹ ተሰብስበው የሚቀመጡበትን ቤት ያዘጋጅ። የኦቪድን መጽሐፍ ያተረፈው ብራና የሚገለብጥ አንድ መነኵሴ እንደ ነበረ አንርሳ።