ይዘትና ርክርክ

ከደብረ ታቦር ወርዶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን ሲደርስ ጣራ ገዳምን ደኑን እንደ ለበሰ ያየዋል። በዚህ አገር ያደገ ሰው ዜማ ቤት ባይገባ እንኳ የዜማ ምልክቶችን ስም ከቆሎ ተማሪ አፍ እየሰማ ነው የሚያድገው፤ ድፋት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት እንዳስያዟቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እኔን ከሁሉ የሚያስገርሙኝ ግን ይዘትና ርክርክ ናቸው። ይዘት ድምፅን ባለበት ያዝ ይላል፤ ርክርክ አንቀጥቅጥ ይላል። አንድ መሪጌታ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ያለ ችግር ያስማማቸዋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅ ልጽፍ ነው ብል አንባቢ ይታዘበኝ ይሆናል። ነገሩ ግን አንድ ነው። የምዕራብ ጊታር ሠሪዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት የደከሙት ክር ተንቀጥቅጦ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ማለትም ርክርክና ይዘት በአንድ ብረት ላይ እንዲስማሙ ለማድረግ ነበር።

በእኛ ዘንድ ክሩ የሚያርፍበት ነገር በርኩማ ይባላል። በክራርም ሆነ በበገና ገበቴውን በሸፈነው ቆዳ ላይ የሚቆም ትንሽ እንጨት ነው። በበገና በክሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ያ ልብ የሚነካ ንዝረት የሚመጣው ከነሱ ነው። በርኩማ ክርን አይቆልፍም፤ ያሳርፋል እንጂ። የመቃኘቱ ሥራ ከላይ ቀንበሩ ላይ ነው፤ ክራር የሚመታ ሰውም ቅኝት በቀየረ ቁጥር እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ከያዝን፣ ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሚል ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱ ከቦታቸው ይነሣሉ። በዚያ ላይ «ዶ» የሚባለው ራሱ የዘፋኙ ጉሮሮ የወደደው ድምፅ ነው እንጂ ከሌላ ቦታ የተላከ ሕግ አይደለም። ስለዚህ መቃኘት ከጨዋታው በፊት የሚያልቅ ዝግጅት ሳይሆን ከጨዋታው አንዱ ክፍል ነው። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ጣጣ የሚመጣው ከዚህች ነጥብ ነው።

አሜሪካኖቹ የተነሡት ከሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ዶክ ካውፍማን የሚባል ሰው ክሮቹን በዘንግ የሚያላላና የሚያጠብቅ መሣሪያ ፈለሰፈ። ከዚያ ፖል ቢግስቢ የራሱን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ሊዮ ፌንደር ስትራቶካስተር ለተባለው ጊታሩ ብሪጁ ራሱ የሚወዛወዝበትን ዘዴ አወጣና «ትሬሞሎ» ብሎ ሰየመው። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይቻላል፤ በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መዋዠቅ ነው፤ የድምፅ ከፍታ መዋዠቅ ቪብራቶ ይባላል። ስሙ በስሕተት ተሰጥቶ በስሕተት ጸና፤ ዛሬ ማንም አያርመውም።

ችግሩ የነበረው መመለሱ ላይ ነው። ዘንጉ ሲጫን ክሩ ይላላል፤ ሲለቀቅ ግን ክሩ ከአንገቱ ራስ ባለው ነት ጉድጓድ ውስጥ ይያዛል፣ ወይም በመቃኛው ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ይንሸራተታል። ጊታሩ ቅኝቱን ይስታል። ፍሎይድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን ያስቸገረውን ነገር ለመፍታት ተነሣ። ሮክ ተጫዋች ነበር፤ ጌጣጌጥም ይሠራ ስለ ነበር መሣሪያው በእጁ ነበር። መላው ቀላል ነው። ክሩ የሚንሸራተትበትን ቦታ ሁሉ አጥፋ። ነቱ ላይ በብሎን ቆልፈው፤ ብሪጁም ላይ የክሩን ቆብ ቆርጠህ ጣልና ጫፉን እንደ ጉጠት ቆልፈው። እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት፤ ኤዲ ቫን ሄለንም ከቀደሙት ተጠቃሚዎች አንዱ ሆነ። ነቱ ከተቆለፈ በኋላ ከላይ መቃኘት ስለማይቻል ቆየት ብሎ ብሪጁ ላይ ጥቃቅን መቃኛዎች ተጨመሩ።

ብሪጁ የሚቆመው በሁለት ምሰሶዎች ላይ፣ እንደ ቢላ ስለት በቀጠነ ጠርዙ ብቻ ነው። ከፊት ክሮቹ ይጎትቱታል፤ ቀጭን የሚባሉት ስድስት ክሮች ተደምረው ወደ 38 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ። ከጀርባ በጊታሩ ሆድ ውስጥ ያሉት ሞላዎች በዚያው መጠን ይመልሱታል። ሚዛን ነው፤ አንዱን ክር ብታጠብቅ ሌሎቹ አምስቱ ይረግባሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሁሉም ይወጣሉ። በዚህ የተነሣ የሚናደድ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ማኅበር ይመስለኛል።

በአገራችን ጊታር ወደ ዘመናዊው ባንድ ሲገባ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ድምፁ ብቻ አልነበረም። በአንገቱ ላይ ያሉት ፍሬቶች 12ቱን ድምፆች ስለ ደረደሩለት ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር አንድም ክር አይነካም፤ ጣቱን ብቻ ያዛውራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሮሃ ባንድ ካሴት በካሴት ላይ ሲያወጣ፣ የሰላም ሥዩም ጊታር በአራቱም ቅኝት እንደ ልብ የሚመላለሰው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ከባዱን የሮክ ጊታር ከቅኝታችን ጋር አጋጠመው። እንደዚህ ላለ ባንድ ቁልፍ ያለው ብሪጅ ይመቻል፤ ሁሉም ተጫዋች አስቀድሞ በተስማሙበት ድምፅ ላይ ይቆማልና።

የብረት ዘንግ በአገር ዜማ ላይ ምን አገባው የሚል ካለ አለቃ ገብረ ሐናን ያስታውስ። የፎገራው ሊቅ የጣናን ሞገድ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት ሲያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ተብሎ በየደብሩ ይዘመምበታል።

ወደ ራሴ ጊታር ልምጣ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከልኝ፣ ቁልፍ ትሬሞሎ ያለው ነው። ብሪጁ ቅጂ ነበር፤ ስለቱ ከለስላሳ ብረት ስለ ተሠራ አለቀ፤ ዘንጉን ነክቼ ስለቅ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቁልፉ ቢጠብቅ ምን ዋጋ አለው፤ የሚንሸራተተው ብሪጁ ራሱ ሆነ። በሞረድ መሳል አይሆንም፤ የጠነከረ አረብ ብረት ያስፈልጋል። ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን የቀለጠው ምድጃ ለዚህ አይረዳኝም።

መተካቱ ከተወሰነ በኋላ የቀረው ምርጫ ከባዱ ነው። ቋሚ ብሪጅ ልግጠም ወይስ እንደ ገና ተንሳፋፊ? ያከራከረኝ ማሲንቆ ነው። አንዳንድ ምሽት ከአንድ አዝማሪ ጋር እጫወታለሁ። እሱ የፈረስ ጭራውን ለጉሮሮው በሚስማማው ድምፅ ይቃኛል፤ ያም ድምፅ ከባንድ «ላ» አንዳንዴ ሩብ፣ አንዳንዴ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ሌላ ይሆናል። «ቃኘው እንጂ ወንድሜ!» ይለኛል፤ እኔ ግን ብሩጎላ ፍለጋ ኪሴን እዳብሳለሁ። ነቱን መፍታት፣ ስድስቱንም ማውረድ፣ ሚዛኑ ስለ ተዛባ ሞላውን ማላላት፣ እንደ ገና ስድስቱን መቃኘት። ሰውዬው እስከዚያ ሁለት ዘፈን ጨርሷል። የፍሎይድ ሮዝ ቁልፍ የተሠራው ቅኝቱ መድረክ ላይ ከመወጣቱ በፊት ለተወሰነ ሙዚቃ ነው፤ የእኛ አዝማሪ ቅኝቱን የሚወስነው እየዘፈነ ነው።

ቋሚ ብሪጅ ብገጥም ርክርኩን አጣለሁ፤ ማሲንቆው ድምፁን አንሸራቶ ሲያወርድ ዘንጉ ብቻ ነው አጠገቡ የሚሄደው። ስለዚህ ስለቱ ከጠነከረ ብረት የሆነ፣ በቁልፍ የሚሠራ ሌላ ብሪጅ መረጥሁ። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢኖር ከስሙ ይልቅ መለኪያውን ይመልከት። ከምሰሶ መካከል እስከ ምሰሶ መካከል 74 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው፤ ቅጂዎች ግን ይለያያሉ። ከታች የሚንጠለጠለው የብረት ጡብ 32፣ 37 ወይም 42 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለቀጭን ጊታር ረጅሙ ከጀርባ ይወጣል። የነቱንም ስፋት መለካት ነው። ክሮቹ ተወጥረው ሳለ ምሰሶዎቹን በብሩጎላ ማዞር ደግሞ ስለቱን ያበላሻል፤ አስቀድሞ ማላላት ግድ ነው።

ከዚያ ጀርባውን ከፍቼ በብረት ጡቡና በአንገቱ በኩል ባለው የጉድጓዱ ግድግዳ መካከል የዋንዛ ቁራጭ አስገባሁ፤ ክራር የሚጠረብበት ያው ዋንዛ። ሞላዎቹን በካቻቢቴ አጠበቅኋቸው፤ ጡቡን ከእንጨቱ ጋር አጣብቀው ያዙት። አሁን ዘንጉ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። አንድ ክር ቢበጠስ ሌሎቹ አይነቃነቁም፤ አንዱን ብቃኝ ሌላውን አይረብሽም። ከባንድ ጋር ስሆን ነቱን እቆልፋለሁ። ከአዝማሪው ጋር ስቀመጥ ሦስቱን የነት መቆለፊያዎች ፈትቼ ኪሴ እከትና ከላይ ባሉት መቃኛዎች እንደ ክራር እከተለዋለሁ፤ ያን ጊዜ ዘንጉን በጣም አልጫነውም፤ ትንሽ ንዝረት ይበቃኛል።

ክረምት ሲገባ ከደብረ ታቦር ጭጋግ ጋር የጊታሩ አንገት ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቁልፉ ክሩን እንጂ አየሩን አይቆልፍም። የዋንዛውም ቁራጭ ያብጣል መሰለኝ፤ ሰኔ ላይ በአሸዋ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ አሸሁት።