የአናሳ ሃይማኖት ተከታዮች መብት ጥበቃ፡ ከበርሊን ውል እስከ ሐዋሳ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች 43.5፣ ሙስሊሞች 33.9፣ ፕሮቴስታንቶች 18.6 በመቶ ነበሩ። በሐዋሳ ከተማ ግን አብላጫውን የያዙት ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በአገር ደረጃ ቀዳሚ የሆነ እምነት በአንድ ከተማ አናሳ ሊሆን መቻሉ የአናሳዎች ጥበቃ ሁሉንም ወገን የሚመለከት መሆኑን ያሳያል።

ጥበቃው በዓለም አቀፍ ሕግ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1878 የተፈረመው የበርሊን ውል የባልካን አዳዲስ መንግሥታት በሃይማኖት ምክንያት በዜጎቻቸው መካከል ልዩነት እንዳያደርጉ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. በ1919 ከፖላንድ ጋር የተፈረመውን የመሳሰሉ ውሎችም በመንግሥታት ማኅበር ዋስትና ሥር ውለዋል። ሆኖም እነዚህ ውሎች የተወሰኑ አገሮችን ብቻ የሚያስገድዱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 የሃይማኖት ነጻነትን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ደግሞ በአንቀጽ 27 አናሳዎች ከማኅበረሰባቸው ጋር እምነታቸውን የመግለጽና የመፈጸም መብት እንዳይነፈጉ ደንግጓል። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1993 የአምልኮ ነጻነት የአምልኮ ቤት መሥራትን እንደሚጨምር አብራርቷል። በመሆኑም የአምልኮ ቦታ ጥያቄ የሚቀርብለት ኃላፊ ውሳኔውን ሊመሠርት የሚገባው በአመልካቾቹ ብዛት ወይም በራሱ እምነት ሳይሆን በሕግ ነው፤ ገደብ ቢያስፈልግም በአንቀጽ 27(5) ለተዘረዘሩት ምክንያቶች በሚወጣ ሕግ ብቻ ይሆናል።