ወፍ እህል ካልበላ ምን ይበላል?

ዛሬ ስለ ታክሲ ሰልፍም ስለ ኑሮ ውድነትም አላወራም። ስለ በቀቀን ነው የማወራችሁ። አዎ፣ ስለሚናገረው ወፍ! «ጋዜጠኝነት ተመርቃ ስለ ወፍ መጻፍ ጀመረች» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሱኝማ።

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ነው። አክስቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። ለዓመታት ስታስታምማቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ልጆቻቸው «የለመደው አንቺን ነው» ብለው ግራጫ በቀቀናቸውን ሰጧት። ከሥራ ስትገባ «ሃሎ!» የሚላት እሱ ብቻ ስለሆነ እንደ ልጇ ነው የምታየው። ባለፈው ዓመት ይኼው ልጅ ታመመ። አፍንጫው ተደፈነ፣ ላባው ደበዘዘ። ሐኪሙ መርምሮ ጥፋቱ የምግቡ ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሱፍና ለውዝ እየለቀመ ስለኖረ ቫይታሚን ኤ አንሶታል፣ ጉበቱንም ስብ ይዞታል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ፔሌት መዞር አለበት። (ፔሌት ማለት የተፈጨ እህል ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት፣ ተጨምቆ እንደ ፍሬ የተሠራ መኖ ነው።)

አክስቴ ማታውኑ ደወለችልኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ እስቲ ንገሪኝ። ወፍ እህል ካልበላ ምን ይበላል?»

ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። «እትዬ፣ አንብቤ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። ያነበብኩት እነሆ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከበቀቀን ሳይሆን ከዶሮ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ውስጥ፣ ቤሪቤሪ የሚባለውን እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ያጠና ነበር። ለምርምር ያረባቸው ዶሮዎች በድንገት እግራቸው ዛለ። ከወራት በኋላ ደግሞ በድንገት ዳኑ። ምን ተገኘ? ዶሮዎቹ ይቀለቡ የነበረው ከወታደር ሆስፒታል ወጥ ቤት በሚተርፍ ነጭ የተፈተገ ሩዝ ነበር። አዲስ ወጥ ሠሪ ሲመጣ «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም!» ብሎ ከለከለ። ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዳኑ። በሽታው የመጣው ገለባው ላይ የነበረ ነገር በመጉደሉ ነበር። በ1912 ካሲሚር ፈንክ ይህን መሰሉን ነገር «ቫይታሚን» ብሎ ስም አወጣለት፤ አይክማንም በ1929 ኖቤል ተሸለመ። ለሰው ልጅ የቫይታሚንን መንገድ ካሳዩት መካከል ወፎች ነበሩበት ማለት ነው።

ታዲያ ውለታቸው ተመለሰላቸው? ለዶሮ፣ አዎ። እንቁላልና ሥጋ ገንዘብ ነዋ! በ1944 አሜሪካኖቹ ዶሮ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ካልሲየም፣ ምን ያህል ቫይታሚን እንደሚያስፈልጋት በሠንጠረዥ አትመው አወጡ። በቀቀን ግን እንቁላሉ አይሸጥም፣ ሥጋው አይበላ። የቀረበለት ያው ደረቅ ፍሬ ነው። ፍሬ ርካሽ ነው፤ መርከብ ላይም ሱቅ ውስጥም ቶሎ አይበላሽም። ለነጋዴውና ለገዢው የተመቸው ነገር ሲውል ሲያድር «የወፍ ምግብ» ተባለ።

ወፉ ራሱ ጫካ ውስጥ ምን ይበላ ነበር? የአክስቴ ወፍ ዘመዶች በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ከሚወዷቸው ምግቦች አንዱ የዘይት ዘንባባ ፍሬ ነው። ቀዩ ሥጋው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚለውጠው ካሮቲን የተሞላ ነው። ያንን ቀምተን፣ ግማሽ ያህሉ ስብ የሆነ፣ ቫይታሚን ኤ የሌለው ለማለት የሚቻል፣ ካልሲየሙም ያነሰ ሱፍ ሰጠነው። እሱም ወደደው። እኛስ ቺፕስ እንወድ የለ?

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ላፈበር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ለቤት ወፎች ፔሌት መሥራት ጀመረ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ደግሞ ሩዲቡሽና ግራው የተባሉ ተመራማሪዎች ኮካቲየል የሚባለውን ትንሽ በቀቀን ይዘው፣ ዶሮ ላይ የተሠራውን ዓይነት ጥናት ሠሩበት። ጫጩቱ ለማደግ ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚፈልግ በ1986 አሳተሙ። በ1992 አሜሪካ ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡ የሚገድብ ሕግ ስታወጣ፣ ወፍ ፈላጊው እዚያው አርብቶ ማሳደግ ግድ ሆነበት። በመኖ የተጎዳ ወፍ ደግሞ በደህና አይራባም።

ፔሌትም ቢሆን ተአምር አይደለም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ፔሌቱ ዋናው ይሁን፣ ጎመንና ካሮት ይጨመርበት ነው የሚሉት። ትልቁ አደጋ ደግሞ መሸጋገሪያው ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሱፍ የበላ በቀቀን ፔሌትን ምግብ መሆኑን አያውቅም። «ሲርበው ይበላል» ብሎ ሱፉን በአንድ ቀን የነጠቀው ሰው፣ ሳህኑ ሞልቶ ወፉ በረሃብ ሊሞትበት ይችላል።

ለአክስቴ ደወልኩና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ'ኮ የሚወደውን ነበር የምሰጠው» አለች። ድምጿ ተሰበረ። ምን እላታለሁ? «እትዬ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነበር» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በወጥ ቤት ሚዛን ትመዝነዋለች። ክብደቱ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ከቀነሰ ሐኪም ጋ ነው። ሱፉን በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰች። ፔሌቱን ከራሷ ሳህን ላይ እያነሳች፣ እሱ እያያት፣ የምትበላ ትመስል ነበር። (አንዴ እውነትም ቀምሳዋለች። «ያረረ ቆሎ ነው» ብላኛለች።) ሦስት ወር ሊሞላ ሲል አንዱን ነጥቋት ኮረሸመው። ጉበቱ ገና ክትትል ላይ ነው፤ አፍንጫው ግን ተከፍቷል።

ለጥያቄዋ መልስ ደግሞ ለካ እዚሁ አዲስ አበባ ነበረኝ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን አለ፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግቢ ቀና ብላችሁ እዩ፤ የጽድ ፍሬና ሾላ ሲለቅም ልታገኙት ትችላላችሁ። ማንም እህል አልሰፈረለትም።

ቸር ይግጠመን!