የመጋቢት ዘውድ፦ የኢትዮጵያ ሴቶች የአገር አቋራጭ ቡድን ዜና መዋዕል

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ እንዲያበቃባት በተመረጠችው በሐራ፣ በወልድያና በመርሳ ምድር ለሚያድጉ ልጆች ይህ ተጻፈ። የሚናገረውም በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ስለተሰለፉት የኢትዮጵያ ሴቶች፣ ስለ ድላቸውና ስለ ሽንፈታቸው ነው። ይልቁንም ስማቸው ሳይጠራ ስለቀረው፣ ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ለአገራቸው ስለደረሱት ሴቶች ነው።

አስቀድሞ ሥርዐቱን እንንገር። ከአንድ አገር ስድስት ሴቶች ይሰለፋሉ። ቀድማ የገባችው አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛዋ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ሦስት እየተባለ ይቆጠራል። ከስድስቱም ቀድመው የደረሱት የአራቱ ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው አገር የቡድኑን ድል ይወስዳል። እንግዲህ አንዲት ጀግና ምንም ብትፈጥን ብቻዋን አገሯን አታነግሥም፤ አራተኛዋ እስክትገባ ድረስ ነገሩ አይቆረጥም። ጭቃውን፣ ዳገቱን፣ ገደላ ገደሉን ሁሉም እኩል ይሮጡታል፤ ፎቶግራፍ የሚነሡት ግን የፊተኞቹ ናቸው።

በ1983 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ መጋቢት 15 ቀን በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ከተማ ሩጫ ሆነ። በዚያም የአርሲ በቆጂ ልጅ ደራርቱ ቱሉ፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለች፣ ከአሜሪካዊቱ ሊን ጄኒንግስ ቀጥላ ሁለተኛ ገባች። በአገር ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮው ወደ ጦርነቱ ነበርና የዚያን ቀን ወሬ ብዙ አላዳመጠውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን፣ በ1984 ነሐሴ 1 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ ይህችው ደራርቱ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን አሸነፈች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያይቱ እርሷ ናት። ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቱ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ዓለም አየ።

ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በ1977ቱ ድርቅ፣ የእኛ የወሎ ስም በዓለም የተሰማው በረሃብ ብቻ ነበር። ስለዚህም የደራርቱ ድል ከአርሲ አልፎ ለእኛም ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ስም በሌላ ነገር ሲጠራ መስማት ለወሎ ሰው ትልቅ ነገር ነበርና።

ከዚህም በኋላ በ1987 ዓ.ም. መጋቢት 16 ቀን ውድድሩ በእንግሊዝ አገር በደርሃም ተደረገ። ደራርቱ ወደዚያ ስትሄድ መንገድ ላይ በአቴና አውሮፕላን ማረፊያ 24 ሰዓት ያህል ታግዳ፣ ሳትተኛ አደረች። ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረሰች፤ ደርሳም አሸነፈች። የቡድኑን ድል ግን ኬንያ ወሰደች። በማግሥቱ ዓመት በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ከጫጫ የወጣችው ጌጤ ዋሚ አንደኛ ሆነች። ደራርቱ በሩጫው መካከል ጫማዋ ወልቆባት ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ ተመልሳ አራተኛ ገባች። አሁንም ቡድኑ የኬንያ ሆነ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከሁሉ የቀደመችው ሴት ኢትዮጵያዊት ሳለች፣ አሸናፊዋ አገር ግን ሌላ ነበረች። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ነገሩ ሲገለበጥ ያየዋልና።

በ1989 ዓ.ም. መጋቢት 14 ቀን በኢጣልያ አገር በቱሪን ከተማ ደራርቱ እንግሊዛዊቱን ፓውላ ራድክሊፍን ቀድማ ገባች፤ ጌጤም ሦስተኛ ሆነች። ከኋላቸው የነበሩትም አልዘገዩምና የቡድኑ ድል ለመጀመሪያ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሴቶች ሆነ። በ1990 ኬንያ መልሳ ወሰደችው። በ1991 በቤልፋስት ጭቃው እግር እየያዘ ሲያስቸግር ጌጤ ዋሚ አንደኛ፣ መሪማ ደንቦባ ሁለተኛ፣ ራድክሊፍ ሦስተኛ ሆኑ፤ የቡድኑም ድል ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1992 በፖርቱጋል በቪላሞራ ደራርቱ፣ ቀጥሎም ጌጤ ገቡ፤ ይህ የደራርቱ ሦስተኛው የአገር አቋራጭ ወርቅ ነበር፤ ቡድኑም አሸነፈ። በዚያ ዘመን ሩጫው ረጅምና አጭር ተብሎ በሁለት ይከፈል ነበር፤ እዚህ የቡድን ድል ብለን የምንቆጥረው የረጅሙን ነው። በ1993 በኦስቴንድ ራድክሊፍ ረጅሙን ሩጫ፣ ጌጤ አጭሩን ተካፈሉ፤ የረጅሙ ሩጫ ቡድን የኬንያ ሆነ።

በእነዚህ ዘመናት አሠልጣኙ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። ተግሣጻቸው የከረረ፣ ሥራ የማይታክታቸው ሰው ነበሩ። ሯጮቹን በእንጦጦ ዳገት ያስሮጧቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር አረፉ።

አሁን ቡድኑ ሳያቋርጥ ወዳሸነፈባቸው ሰባት ዓመታት ደረስን። በ1994 ዓ.ም. መጋቢት በአየርላንድ በደብሊን ሩጫው በፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ ሆነ። ፓውላ ራድክሊፍ አንደኛ፣ አሜሪካውያኑ ዲና ድሮሲንና ኮሊን ዴ ሩክ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኑ። በሜዳሊያው መድረክ ላይ አንዲትም ኢትዮጵያዊት አልቆመችም። ነጥቡ ተደምሮ ሲታይ ግን አሸናፊዋ አገር ኢትዮጵያ ሆነች። በደርሃምና በስቴለንቦሽ የሆነው እነሆ በደብሊን ተገለበጠ። እኔ ከኢትዮጵያ ሴቶች የአገር አቋራጭ ድሎች ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ፤ በፊት የምትመራ ንግሥት ሳትኖር ተከታትለው በገቡት ትከሻ የተገኘ ነውና።

በ1995 በሎዛን ወርቅነሽ ኪዳኔ አንደኛ፣ መሪማ ደንቦባ ሦስተኛ ሆኑ። ወርቅነሽ በዚያው ውድድር በአጭሩም ሩጫ ሁለተኛ ገብታለች። በ1996 በብራስልስ አውስትራሊያዊቱ ቤኒታ ጆንሰን ሁሉንም ቀደመች፤ እጅጋየሁ ዲባባና ወርቅነሽ ተከተሏት፤ ቡድኑ የኢትዮጵያ። በ1997 በፈረንሳይ አገር የእጅጋየሁ ታናሽ እኅት ጥሩነሽ ዲባባ ረጅሙንም አጭሩንም ሩጫ በሁለት ቀን ውስጥ አሸነፈች። በ1998 በጃፓን በፉኩኦካ ጥሩነሽ ረጅሙን ደገመችው፤ ገለቴ ቡርቃ አጭሩን አሸነፈች፤ መሰለች መልካሙም በረጅሙ ሦስተኛ ሆነች።

በ1999 ዓ.ም. ውድድሩ በኬንያ በሞምባሳ፣ በባሕር ዳርቻ፣ ሰው በሚጥል ሙቀት ሆነ። ታላቁ ቀነኒሳ በቀለ እንኳ በዚያ ቀን ሩጫውን ሳይጨርስ ወጣ። በሴቶቹ ለሆላንድ የምትሮጠው ሎርና ኪፕላጋት አሸነፈች፤ ጥሩነሽ ሁለተኛ፣ መሰለች ሦስተኛ ገቡ። ባለ አገሮቹ ኬንያውያን በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ቆመው ሳሉ የቡድኑ ድል ለኢትዮጵያ ሆነ። በ2000 ዓ.ም.፣ በእኛ ሚሌኒየም፣ በኤዲንብራ ጥሩነሽ ለሦስተኛ ጊዜ ረጅሙን አሸነፈች፤ መስታወት ቱፋ ሁለተኛ ሆነች፤ ቡድኑም ለሰባተኛ ጊዜ በተከታታይ ድል አደረገ። በዚያ ቀን የወንዶቹም የወጣቶቹም የግል ወርቅ ሁሉ፣ አራቱም፣ የኢትዮጵያ ነበሩ።

ሰባት መጋቢት በተከታታይ ነው። በአሜሪካ አገርም መጋቢት የሴቶች ዘውድ የሚደፋበት ወር ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ፍጻሜ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት ይሆናልና። የሁለቱ ታሪክ በአንድ ሳምንት ተገናኝቶ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ደራርቱ በደርሃም ባሸነፈች በስምንተኛው ቀን፣ በ1987 መጋቢት 24፣ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሴቶች በሚኒያፖሊስ የቴኔሲን ሴቶች 70 ለ64 አሸንፈው የመጀመሪያውን ዋንጫቸውን ወሰዱ። በዚያ ዓመት 35 ጊዜ ተጫውተው አንድም አልተሸነፉም። አሠልጣኛቸው ጂኖ ኦሪየማ ነበር። የቴኔሲ አሠልጣኝ ፓት ሰሚት በዘመኗ ስምንት ዋንጫ አንሥታለች። የኛዎቹ ሰባቱን ዓመታት ሲጀምሩ ኮኔቲከትም ከ1994 እስከ 1996 ሦስት በተከታታይ አሸነፈ፤ ኋላም ከ2005 እስከ 2008 አራት። በ2017 መጋቢት 28 ደቡብ ካሮላይናን 82 ለ59 አሸንፎ ዋንጫውን 12 አደረሰ። በዚያ አገር ግን የተጫዋቾቹ ሁሉ ስም፣ ተቀይራ የገባችው ሳትቀር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየችና ስንት ኳስ እንዳቀበለች ተጽፎ ይቀመጣል። በዚህ እናንሳቸዋለን፤ በሩጫ ግን አናንስም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመኑ ተለወጠ። በአማን፣ በቢድጎሽች፣ በፑንታ ኡምብሪያ፣ እንደገናም በ2005 በቢድጎሽች ኬንያውያት ድል በድል ላይ አከሉ። መሰለች በአማን ሦስተኛ ብትወጣም ቡድኑን ማዳን አልቻለችም።

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት 19 ቀን በቻይና አገር በጉያንግ የሆነውን በዝርዝር እንጽፋለን፤ መዝገቡ የነገሩን ውስጡን ይገልጣልና። ኬንያዊቱ አግነስ ቲሮፕ አንደኛ ገባች። ሰንበሬ ተፈሪ ሁለተኛ፣ ነፃነት ጉደታ ሦስተኛ፣ ዓለሚቱ ሄሮዬ አራተኛ ተከታትለው ደረሱ። እስከዚህ ድረስ የኢትዮጵያ ድምር 9 ነው። ከዚያ ኬንያውያት በአንድነት መጡ፤ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ሆኑ። የእነርሱም ድምር ከቲሮፕ ጋር 19 ሆኖ ተዘጋ። የኢትዮጵያ ግን አልተዘጋም፤ አራተኛዋ ገና ነበረች። አሥራ አንደኛ ብትገባ የእኛ 20 ይሆናል፤ ድሉም ይሄዳል። ማሚቱ ደስካ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የዱባይን ማራቶን ያሸነፈችው ሴት፣ ስምንተኛ ሆና ደረሰች። ድምሩ 17 ሆነ፤ በሁለት ነጥብ ብልጫ ዘውዱ ለኢትዮጵያ ሆነ።

ስምንተኛ የወጣችን ሴት ማን ይቀበላል? በሻምፒዮናው መድረክ ለስምንተኛ በግሏ የሚሰጥ ሜዳሊያ የለም። ሆኖም የጉያንግ ድል በእርሷ እግር የተቆረጠ ነው። አንደኛ የወጣችው ቲሮፕ አገሯን ማንገሥ አልቻለችም፤ ስምንተኛዋ ማሚቱ አነገሠች። እኔ የታሪክ ጸሐፊ ብሆን የዚያን ቀን መጋቢት 19 ብዬ ስጽፍ የማሚቱን ስም ከፊት አደርገዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በካምፓላ ኬንያውያት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያለውን ደረጃ ጠቅልለው ያዙት። ከዚያ በላይ የተሟላ ድል ሊገኝ አይችልም፤ እውነቱን መጻፍ ግድ ነውና የኬንያን ሴቶች እናመሰግናለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፣ በ2011 መጋቢት 21 ቀን፣ በዴንማርክ በኦርሁስ ሩጫው በሙዝየም ጣራ ላይ የሚወጣ ዳገት ነበረበት። ኬንያዊቱ ሄለን ኦቢሪ አንደኛ፣ ደራ ዲዳ ሁለተኛ፣ ለተሰንበት ግደይ ሦስተኛ ሆኑ። ከኋላ ያሉትም አገሩን አላሳፈሩም፤ የቡድኑ ድል ለ12ኛ ጊዜ የኢትዮጵያ ሆነ።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት 11 ቀን በአውስትራሊያ በባተርስት የሆነው ግን ልብ ያደማል። ለተሰንበት ከሁሉ ቀድማ፣ መጨረሻው መስመር በዓይን እየታየ፣ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች። ቢያትሪስ ቼቤት አልፋት ገባች። ለተሰንበትን ሰው ደግፎ አነሣትና በዚሁ ምክንያት ከውጤት ተሰረዘች። ጽጌ ገብረሰላማ ሁለተኛ ሆነች፤ ቡድኑ የኬንያ ሆነ። ለአገሯ እስክትወድቅ የሮጠችን ሴት ደረጃ በሌለበት መዝገብ ውስጥ መፈለግ ከባድ ነው፤ እኛ ግን እዚህ ጻፍናት።

አሁን እስከ 2011 ያሉትን 12 የቡድን ድሎች ደምረን እንይ። ከእነዚያ በሰባቱ ቀድማ የገባችው ኢትዮጵያዊት ነበረች፦ ደራርቱ ሁለት፣ ጌጤ አንድ፣ ወርቅነሽ አንድ፣ ጥሩነሽ ሦስት። በአምስቱ ግን፣ በደብሊን፣ በብራስልስ፣ በሞምባሳ፣ በጉያንግና በኦርሁስ፣ ከሁሉ የቀደመችው የሌላ አገር ሴት ነበረች። አምስት ጊዜ ወርቁን ሌላ ወስዶ አገሩን ያነገሡት ከኋላ ተከታትለው የገቡልን ሴቶች ናቸው። ደራርቱ ቱሉ ኋላ ከ2011 እስከ 2017 ድረስ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። ጥሩነሽን የማያውቅ ልጅ የለም። መሪማ ደንቦባን ግን በሐራ ገበያ የሚያውቃት ስንት ሰው ነው?

ሐራ ቆላ ናት፤ በቆጂ ደጋ። ነገር ግን ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ዳገት ሩቅ አይደለም፤ ሜዳውም ዳገቱም በደጃችን አለ። በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ። አገር አቋራጭ ደግሞ ስታዲየም እንኳ አይሻም፤ የተሰበሰቡ ስድስት ልጃገረዶች፣ የሚጠብቃቸው መምህርና ስማቸውን የሚይዝ መዝገብ ይበቁታል።

እንግዲህ በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ ለምትኖሩ የስፖርት መምህራን እንለምናለን፦ የትምህርት ቤታችሁ ሴቶች ሲሮጡ የአንደኛይቱን ብቻ ጽፋችሁ መዝገቡን አትዝጉ። ሁለተኛይቱን፣ ሦስተኛይቱን፣ አራተኛይቱን በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው ስም፣ ከነቀኑና ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉልን።