አውሬዎች መድረክ ላይ በወጡ ጊዜ

ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት በመካነ ሰላምና በቦረና ሳይንት ደጋ፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ አያ ጅቦና እመት ጦጢት በምድጃ ዙሪያ ሲነጋገሩ ኖረዋል። የተቆጣቸው ሹም አልነበረም፤ ተረት ነዋ! ቁጣው የመጣው አውሬዎቹ ከምድጃው ዳር ተነሥተው መድረክ ላይ በወጡ ጊዜ ነው።

በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። የላ ፎንቴንን ተረቶች ፈለግ የተከተለው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት በመሆን ይታወቃል። ለመሣቅ የታደመው ተመልካች ግን በአውሬዎቹ ቆዳ ውስጥ ጉቦ የለመደውን ሹምና የተዝረከረከውን የፊውዳል አስተዳደር አየ። ሣቁ እዚያው ላይ ቆመ። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ትእዛዝ ድርሰቱ ታገደ፤ ቴአትርም ንግሥቲቱ እስካረፉበት እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ከመድረክ ራቀ። አንድ ገና የተወለደ ኪነት በአንዲት ኮሜዲያ ሰበብ ይህን ያህል ዘመን ዝም መሰኘቱ፣ ፌዝ ምን ያህል ያስፈራ እንደ ነበር ያሳያል።

መኳንንቱን ያስደነገጠው ያው ብዕር በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቀ።