የመንገድ ሥራ ቀጠና የትራፊክ ቁጥጥር ሥልጠና

የመንገድ ሥራ ቀጠና የትራፊክ ቁጥጥር ሥልጠና ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ግንባታ ወይም ጥገና ለሚያካሂዱ ሠራተኞች የሚሰጥ የደኅንነት ትምህርት ነው። ዓላማው ሠራተኞችን፣ አሽከርካሪዎችንና እግረኞችን ከአደጋ መጠበቅ ነው። በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ቀጠናውን የሚነድፉ፣ የሚተክሉና የሚቆጣጠሩ ሰዎች እንደየሥራ ድርሻቸው እንዲሠለጥኑ ግዛቶችን ያስገድዳል። የትምህርቱ መሠረት የአገሪቱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች መመሪያ 6ኛ ክፍል ነው።

የቀጠናው ክፍሎች

በመመሪያው መሠረት የሥራ ቀጠና አራት ክፍሎች አሉት፦

• ማስጠንቀቂያ፦ ብርቱካናማ ምልክቶች ከፊት ሥራ እንዳለ ለአሽከርካሪው ይነግራሉ።
• መሸጋገሪያ፦ በሰያፍ የተደረደሩ ኮኖች ተሽከርካሪዎችን ከተዘጋው ረድፍ ያስወጣሉ።
• የሥራ ቦታ፦ ሠራተኞችና ማሽኖች ያሉበት ነው። ከፊቱ ባዶ የሚተው ቦታ፣ መንገድ የሳተ መኪና ሠራተኛ ላይ ሳይደርስ እንዲቆም ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ ዕቃ አይቀመጥበትም፣ መኪናም አይቆምበትም።
• ማብቂያ፦ ትራፊኩ ወደ ቀድሞ መስመሩ ይመለሳል።

ምልክቶች የሚተከሉት ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በትራፊኩ አቅጣጫ ነው። ሲነሡ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

የኮን ድርድር ርዝመት

አንድ ረድፍ ሲዘጋ የሰያፉ ድርድር ርዝመት በፍጥነት ይወሰናል። ፍጥነቱ በሰዓት 45 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የረድፉ ስፋት በጫማ በፍጥነቱ ይባዛል። 40 ማይል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ስፋቱ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለ60 ይካፈላል። ለምሳሌ 12 ጫማ ስፋት ላለው ረድፍ በ30 ማይል ፍጥነት 180 ጫማ (55 ሜትር ገደማ)፣ በ60 ማይል 720 ጫማ (220 ሜትር ገደማ) ያስፈልጋል። በዚህ ምሳሌ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለከተማ መንገድ የሚበቃ ድርድር ለፈጣን መንገድ አይበቃም።

ባንዲራ ያዥ

ባንዲራ ያዥ ትራፊክ የሚያስቆምና የሚያሳልፍ ሠራተኛ ነው። ስሙ ከባንዲራ ቢመጣም ዋናው መሣሪያው በአንድ ገጹ «ቁም»፣ በሌላው «በዝግታ» የሚል፣ እጀታ ያለው ስምንት ማዕዘን ሰሌዳ ነው። ባንዲራ በዋናነት ለድንገተኛ ሁኔታ ይውላል። በሥልጠናው ከሚማራቸው ነገሮች መካከል፦

• አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፤
• ከሩቅ በሚታይበት የመንገድ ዳር ብቻውን መቆም፣ ሌሎች ሠራተኞች በዙሪያው እንዲሰበሰቡ አለመፍቀድ፤
• በሚመጣ መኪና ፊት አለመግባት፤
• መኪና ባይቆም የሚሸሽበትን አቅጣጫ አስቀድሞ መምረጥ።

ትራፊኩ በአንድ ረድፍ በየተራ ሲያልፍ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ባንዲራ ያዦች በዓይን ካልተያዩ በሬዲዮ ይነጋገራሉ።

በቀጠናው ውስጥ ያለ አደጋ

አደጋው ከሚያልፍ መኪና ብቻ አይመጣም። ገልባጭ መኪናና የግንባታ ማሽን ወደ ኋላ ሲሄዱ ሾፌሩ ከኋላው ያለውን ሰው ላያይ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኞች ማሽን የማይታይባቸውን አቅጣጫዎች እንዲያውቁና ወደ ማሽን ከመጠጋታቸው በፊት ከሾፌሩ ጋር እንዲተያዩ ይማራሉ።