በጨለማ ከፊት የሚሄደው ሰው

ባለፈው ረመዳን የምሠራበት ቤት ትንሿ ልጅ ቦርሳዬን ስትበረብር አንድ አስር ሳንቲም አገኘች። ከአገር ስወጣ ሳላውቀው ይዤው የመጣሁት ነው። ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄ ገዛል ነው?» አለችኝ፤ ሚዳቋ መስሏት ነው። አይደለም፣ የደጋ አጋዘን ነው አልኳት።

እናቴ የተወለደችው ባሌ ውስጥ፣ ዲንሾ አካባቢ ስለሆነ ይህን እንስሳ ሳንቲሙን ልብ ብዬ ሳላይ በፊት በወሬ አውቀዋለሁ። አያቴ በወጣትነታቸው ለአዳኞች መንገድ ይመሩ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ሥራ ስጨርስ በዋትስአፕ ቮይስ ላኩላቸው፣ በአጎቴ ልጅ ስልክ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ስንላላክ ቆየን። የእሳቸው ያልሆነውን ደግሞ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ በአርሲና በባሌ ይበዛል። የወንዱ ቀንድ ጥምዝ ሆኖ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ሴቷ ግን ቀንድ የላትም። የውጭ አገር ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ተራሮች ተኩሶ ገደለው። በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር የሚባል ሊቅ ስለ እንስሳው ጻፈና የሳይንስ ስም አወጣለት፦ ትራጄላፈስ በክስተኒ። የበክስተን ማለት ነው። የአገሩ ሰው ድሮውኑ ጋዳምሳ ይለው ነበር እኮ! ስም አጥቶ አልተቀመጠም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ መኮንን ብቻውን ወጣ ብሎ የሚያስብ ካለ ያንን ተራራ አላየውም። ከፊቱ ማን ሄደ?

አያቴ እንደሚሉት አጋዘን ቀን ቀን አስታ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ለግጦሽ የሚወጣው ሊመሽ ሲልና ሊነጋ ሲል ነው። ስለዚህ አዳኙ ጎህ ሳይቀድ ማድፈጫው መድረስ አለበት። ማድፈጫ ሲባል የተሠራ ነገር አይደለም። አፋፍ ላይ ያለ ድንጋይ ወይም የአስታ ቁጥቋጦ ነው፤ ከጀርባው ተቀምጠው ማዶውን ያያሉ። እዚያ ለመድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣሉ። ፈረሶቹን ታች ይተዋሉ፣ አንዱ ካሽካካ ሁሉም ነገር አለቀ። ባትሪ አይበራም፣ ሲጋራ አይጨስም። አያቴ ከፊት፣ ፈረንጁ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው፣ ከዚያ ተሸካሚዎቹ።

«በዓይን አይደለም የሚኬደው፣ በእግር ነው» አሉኝ። እግራቸው የፍልፈል አፈር ውስጥ ሰጠም ካለ ከመንገድ ወጥተዋል ማለት ነው። ውሃ ከነካቸው ወደ ረግረጉ ወርደዋል። ነፋሱን በጉንጫቸው ይለኩታል። ከጀርባ ከመጣ ጠረናቸውን ይዞ ይቀድማቸዋልና ዞረው በሌላ በኩል ይወጣሉ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅም። ፈረንጁ ይህን አይወድም ነበር፣ በምልክት «በዚህ፣ በዚህ» ይላል። አያቴ ዝም ብለው ይዞራሉ። ፈረንጁ ቦት ጫማ አለው፣ አያቴ በረባሶ። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ የእግር ጣት ያደነዝዛል፤ ማድፈጫው ደርሰው ሲቀመጡ ነው ሕመሙ የሚጀምረው። ያን ጊዜ ደግሞ ማቃሰትም ማሳልም ክልክል ነው።

ከዚያ ተኩስ ነው። እሱን ሁሉም ይጽፈዋል።

ፎቶ ሲነሣስ የት ነበሩ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቀንዱን ቀና አድርጌ ይዤ ፈቀቅ በል አሉኝ» አሉ። እጃቸው ብቻ ፎቶው ላይ ሊኖር ይችላል። ፎቶውን አላዩትም።

ይህን ስጽፍ ፈረንጅን ብቻ ልወቅስ አይደለም። በእኛም አገር አንበሳና ዝሆን የገደለ ነው የሚፎክረው፣ ለእሱ ነው የሚዘፈነው። ዱካውን ያገኘው፣ ውሃ የተሸከመው ምን ተባለለት? እኔም በዚያ ረመዳን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሣሁ ሰሁር አዘጋጅ ነበር፣ መብራት ሳላበራ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ። ስለዚህ የአያቴ ወሬ ገብቶኛል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌስሊ ብራውን የሚባል እንግሊዛዊ አጋዘኖቹን አጥንቶ ቦታው እንዲጠበቅ መከረ። በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። አያቴም አደን መምራቱን ትተው በግ ማርባት ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ፓርኩ ተዘረፈ፣ ብዙ አጋዘንም ተገደለ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልፈለጉም። «ያኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የተገደሉት፣ በጨለማ መሄድ ማንንም አላስፈለገውም» ብለው ዝም አሉ። ቮይሱ ላይ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ አልሰሙም ነበር።

በመጨረሻ አብረዋቸው በጨለማ ይሄዱ የነበሩትን ሰዎች ስም ጠየቅኋቸው። አሁን ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ረስተውታል ብዬ ነበር። አልረሱም። የአራት ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ ማን ከማን ኋላ ይሄድ እንደነበር ሳይቀር ነገሩኝ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እዚህ መጽሔት ላይ ላውጣው ስላቸው «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልጆቻቸውን ልጠይቅ» አሉኝ። የሁለቱን ቤተሰብ አግኝተዋል። የሁለቱ ቀርቷል።